ጎድጓዳ ሳህን የሌለው ሰውዬ

ጋሼ ሙሔ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሴንት አልባንስ በሚባለው የሜልቦርን ሰፈር ባለው ቤታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ሳህን ደርድረው የስልካቸውን ማዳመጫ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያዛውሩ ዋሉ። መጀመሪያ የብርጭቆውን ሞከሩ፤ ድምፁ ቀጠነ። ቀጥለው የፕላስቲኩን ሞከሩ፤ እሱማ ጭራሽ አፈነው። በመጨረሻ ሟች ባለቤታቸው ዓሊማ ሩዝ ታጥብበት የነበረውን፣ ጠርዙ የተላላጠውን ባለ ሰማያዊ አበባ የቆርቆሮ ጎድጓዳ ሳህን ከመደርደሪያው አወረዱ። ማዳመጫውን ጣል ሲያደርጉበት የዜና አንባቢው ድምፅ ወፍሮ ወጣና ወጥ ቤቱን ሞላው። "አንቺ!" አሉ ጋሼ ሙሔ፣ በደስታ። ለማን እንዳሉት እሳቸውም አያውቁም። በዚያ ቤት ውስጥ "አንቺ" የሚባል ሰው ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ጎረቤት በመስኮት ቢያያቸው ኖሮ ሽማግሌው ለቀቁ ብሎ ያስወራባቸው ነበር። አልለቀቁም። ነገሩ የትምህርት ጉዳይ ነው።

ጋሼ ሙሔ በሰባ አንድ ዓመታቸው ተማሪ ሆነዋል። የቤቱ ዝምታ ሲበረታባቸው፣ ካርልተን በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለጡረተኞች በነጻ ያስተምራሉ ሲባል ሰምተው ኮምፒውተር ሊማሩ ሄዱ። ኮምፒውተሩ ሞልቷል ተባሉ። ቦታ የተረፈው የማክሰኞው ክፍል ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያወራው በፈረንጆቹ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያዎቹ ስለነበረችው አሜሪካ ነው። ሜልቦርን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ለነዳ የደሴ ሰው፣ የመቶ ዓመት የአሜሪካ ወሬ ምን ይፈይድለታል? ምንም። ነገር ግን ሻይና ብስኩት አለ። በስማቸው ጠርቶ "እንኳን መጣህ" የሚላቸው ሰውም አለ። ተመዘገቡ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እሳቸውን ያዛቸው እንጂ እሳቸው አልያዙትም። አስተማሪዋ ሔለን ጡረታ የወጣች የታሪክ መምህር ናት፤ ስታወራ እዚያው ቆማ ያየችው ነው የሚመስለው። አገሩ በአንድ ጊዜ ጠገበ። ፋብሪካው መኪና እንደ ዳቦ ያወጣው ጀመር። ሰዉ ገንዘብ በእጁ ሳይኖረው በየወሩ እየከፈለ መኪናውንም የልብስ ማጠቢያውንም ቤቱ አስገባ። ሴቶቹ ለምርጫ ወጡ፣ ጸጉራቸውን ተቆረጡ፣ ቀሚሳቸውን አሳጠሩ፤ አባቶች ጭንቅላታቸውን ያዙ። መጠጥ በሕግ ታገደ ሲባል ጋሼ ሙሔ "እሰይ!" ብለው ክፍሉን አሳቁት፤ ሰዉ ተደብቆ ጠጣ ሲባል ደግሞ ከልባቸው አዘኑ። ጥቁሮቹ ከደቡብ እየለቀቁ ወደ ሰሜን ከተሞች ጎረፉ። የነጩ ልጅ በእነሱ ሙዚቃ እስኪነጋ ጨፈረ፣ ጎረቤት ሊያደርጋቸው ግን አልፈለገም። "ይሄንን እንኳ አውቀዋለሁ" አሉ ጋሼ ሙሔ፤ ስንት ሌሊት ከኋላ ወንበር እየዘፈነ ስማቸውን ያልጠየቀ ጎረምሳ አድርሰዋል።

አንድ ማክሰኞ ሔለን፣ በዚያ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ከገጠር ይልቅ ከተማ የሚኖረው አሜሪካዊ በለጠ አለች። ልጆቹ መኪና ፋብሪካ ሊቀጠሩ ሄዱ፤ እርሻው ላይ አባትና እናት ቀሩ። ጋሼ ሙሔ ብስኩታቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡ።

የዚያን ዕለት ሔለን ለየተማሪው አንዳንድ የቆየ ፎቶ አደለች። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ስለ ፎቶው አምስት ደቂቃ ይናገራል። ለጋሼ ሙሔ የደረሳቸው ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከእንጨት ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ሬዲዮ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ፤ ዓይኑ ከመስኮቱ ውጭ ነው። ከኋላው ሦስት ወንበር ባዶውን ቆሟል። የመጀመሪያዎቹ ሬዲዮኖች ብዙዎቹ በማዳመጫ ብቻ ይሰሙ ነበር ብላቸዋለች ሔለን፤ ቤተሰቡ ሲበዛ ማዳመጫውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያስቀምጡትና ሳህኑን ከበው ያዳምጣሉ።

ፎቶውን ፍሪጁ ላይ ለጥፈው ሦስት ሳምንት አዩት። አንድ ጠዋት ወተት ሊያወጡ ሲሉ ፍንትው አለላቸው። የሰውየው ጠረጴዛ ላይ ሳህን የለም። ምን ያደርግለታል? ከእሱ ሌላ ሰሚ የለ። ይህቺን ነገር ነው ክፍል ውስጥ ሊናገሩ፣ በሳህንም ሊያሳዩ የተዘጋጁት። እንግሊዝኛውን ጽፈው በቃላቸው ሸምድደውታል፤ በዚህ አገር ሰው ፊት ቆመው ሲናገሩ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ሊሆን ነው።

ሳህኑ ውስጥ ዜናው ድንገት ተቋርጦ ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ኒስሪን ናት። ጋሼ ሙሔ ማዳመጫውን ሳያነሱ ነካ ሲያደርጉት ድምጿ ከዓሊማ ሳህን ውስጥ ወጣ።

"አባዬ፣ እንዴት ነህ?"

"አልሐምዱሊላህ። ልጆቹስ?"

"ደህና ናቸው። ስማኝማ፣ ነገ አዲሱን ቤት ሳይን ልናደርግ ነው። ሁለት ነው ያየነው፤ ባለ ሦስት መኝታና ባለ አራት መኝታ። ሳላሀዲን ባለ ሦስቱ ይበቃናል ይላል።" ሳላሀዲን ባሏ ነው። "አንተ ሴንት አልባንስን አትለቅም፣ አይደል?"

ይህችን ጥያቄ ሲጠብቋት ኖረዋል። "ኧረ እኔ ምን ጎደለኝ!" አሉ፣ ድምፃቸውን ሞቅ አድርገው። "ባቡሩ ደጄ ላይ፣ መስጊዱ ቅርቤ። ደግሞ ለእኔ ብላችሁ ሰፊ ቤት ውስጥ እንዳትገቡ።"

ይህን ብለው ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብለው ጠበቁ።

"እሺ፣ እንደዚያ ከሆነ" አለች ኒስሪን። "ዙልፋ፣ ነይ ለአያትሽ ሰላም በይው።" የዘጠኝ ዓመቷ ዙልፋ ከሩቅ "ሃይ ግራንድፓ!" አለችና ስልኩ ተዘጋ። ዜናውም አልተመለሰም።

እዚህ ላይ የጋሼ ሙሔን ነገር መናገር ግድ ነው፤ አለዚያ ሰው ይታዘባቸዋል። እሳቸው ባደጉበት ቤት "ብላ" ሲባል "እሺ" ብሎ እጁን የሚሰድ ባለጌ ነበር። መጀመሪያ "በልቻለሁ" ይባላል፤ ይህ ለወጉ ነው። ቀጥሎ "ወላሂ ጠግቤያለሁ" ይባላል። ሦስተኛው ላይ ጋባዡ "አፈር ስሆን! በሞቴ!" ብሎ ክንድ ይይዛል፣ እንግዳውም እያፈረ ይቀመጣል። ለጋባዡም ክብር ነው፣ ለእንግዳውም። በመግደርደር ደግሞ ጋሼ ሙሔን የሚስተካከል አልነበረም። በወጣትነታቸው አንድ ሠርግ ላይ ሲግደረደሩ ምግቡ አልቆ ጦማቸውን ወደ ቤታቸው ገብተዋል እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅባቸዋል። ዓሊማ ይህን ጠባያቸውን በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቀችው። ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን "ሻይ ትጠጣለህ?" ብላ ጠይቃቸው አታውቅም። ቀድታ ታስቀምጣለች፣ እሳቸውም ይጠጣሉ።

ዓሊማ ተቀብራ ለቀስተኛው ሲበተን ኒስሪን እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ "አባዬ፣ እኛ ጋ ና፤ አብረን እንኑር" አለቻቸው። "አይ ልጄ፣ አላስቸግራችሁም" አሉ። ይህ የመጀመሪያው አይ ነው። ሁለተኛውን አይ አዘጋጅተው ጠበቁ፤ ሦስተኛው ላይ እሺ ሊሉ በልባቸው ሻንጣቸውን ሸክፈው ጨርሰዋል። ኒስሪን "እሺ" አለችና የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ሁለተኛው አይ ካፋቸው ሳይወጣ ቀረ። ሆድ ባሳቸው። ብትፈልገኝ ኖሮ ደግማ ትጠይቀኝ ነበር አሉ፣ ለማንም ሳይናገሩ። አሁን ደግሞ ነገ ልትፈርም ነው፤ ባለ ሦስቱ ከተፈረመ የእሳቸው ክፍል በዚህ ዓለም ላይ የለም ማለት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሳህኑን በፎጣ ጠቅልለው በፌስታል ይዘው ባቡር ተሳፈሩ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጆሮው ውስጥ ነጭ ነገር ሰክቷል። አጠገባቸው ያለችው ልጅ ብቻዋን ትስቃለች። ሳህን የያዘ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ክፍል ውስጥ ስምንቱ ተማሪዎች ተሟልተው ነበር። ሔለን ኬክ ጋግራ መጥታለች። "ሙሔ" አለች፣ ዓይኗ ፌስታሉ ላይ አርፎ፣ "አንተ ብትጀምርልን ደስ ይለናል።"

የጋሼ ሙሔ እጅ ፌስታሉን ጨበጠ። አምስቱም ደቂቃ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ተሰልፏል። "አይ፣ አይ፣ ሌሎቹ ይቅደሙ" አሉ። "እኔ እንኳ ይሄን ያህል የምለው ነገር የለኝም።"

"ምንም ችግር የለም" አለች ሔለን፣ በፈገግታ። "ግዴታ አይደለም።" ወረቀቷ ላይ ጫር አደረገች።

አንዱ ስለ መኪናው ተናገረ። አንዷ ስለ ጸጉር ቆረጣው ተናገረችና የእናቷን ፎቶ አሳየች። ኖርማ የምትባለው፣ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላት፣ ስለ ልብስ ማጠቢያው ተናግራ አሳቀቻቸው። አንዱ ጨርሶ በተቀመጠ ቁጥር ጋሼ ሙሔ ቀጥ ይላሉ። የሔለን ዓይን ግን በትሕትና እያለፋቸው ሄደ። ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ ኬክ፣ ከዚያ "በጣም አመሰግናለሁ፣ መልካም ጊዜ"። አለቀ። አሥር ሳምንት ሙሉ የተማሩት ትምህርት ሳህኑ ሳይገለጥ አለቀ።

ኖርማ ትራም ፌርማታው ላይ አግኝታቸው አጠገባቸው ተቀመጠች። "ፌስታሉ ውስጥ ምንድነው?" አለች። አሳዩዋት። ስለ ሰውየውም፣ ስለ ሌለው ሳህንም ነገሯት። ኖርማ ሰምታ ስትጨርስ "ከሁላችንም የተሻለውን ይዘህ ለምን ዝም አልክ?" አለቻቸው።

"ማን ጠየቀኝ?"

"ሔለን ናታ! አይ አልካት።"

"አንድ ጊዜ ነው እኮ ያልኳት!"

"ስንት ጊዜ ልትጠይቅህ ኖሯል?"

"ቢያንስ ሦስት" አሉ ጋሼ ሙሔ።

ኖርማ ልትስቅ ጀምራ ፊታቸውን ስታይ ተወችው። "እኛ ዘንድ አይ ያለን ሰው ደግሞ መጎትጎት ነውር ነው" አለች። "ያልከውን አላምንህም እንደ ማለት ነው። ሔለን አክብራህ ነው የተወችህ።"

ጋሼ ሙሔ ይህን አያጡትም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የኖሩበት አገር ነው፤ ፈረንጅ እንደዚያ መሆኑን ያውቃሉ። ያላወቁት ኒስሪንን ነው። በሦስት ዓመቷ ነው ይዘዋት የመጡት። ትምህርት ቤቱ እዚህ፣ ጓደኛው እዚህ፣ ሥራው እዚህ። እንዴት እንደሚለመን፣ ክንድ እንዴት እንደሚያዝ ማን አስተማራት? ቤታቸው ውስጥ እንኳ ዓሊማ ሳትጠይቅ ቀድታ ታስቀምጥ ነበር። ልጅቱ "አፈር ስሆን" ሲባል የሰማችው ስንት ቀን ነው? አክብራቸው ነው የተወቻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጃቸውን በልባቸው ሲያሟት የኖሩት ስላከበረቻቸው ነው።

ደወሉላት። አታነሳም። ደግመው ደወሉ። "ይሄኔ እየፈረመች ነው" አሉ በአማርኛ። ኖርማ አልገባትም፤ ትራሟ መጥቶ ስለነበር ክንዳቸውን መታ መታ አድርጋ ሄደች። እሳቸውም ወደ ቤታቸው የሚወስዳቸውን ትተው ኒስሪን ወደምትኖርበት ወደ ማሪቢርኖንግ የሚሄደውን ትራም ያዙ። ትራሙ በየፌርማታው ሲቆም እግራቸውን ወለሉ ላይ ያንቀጠቅጡ ነበር፤ ታክሲ ሲነዱ ተሳፋሪ እንደዚያ ሲያደርግ ያናድዳቸው ነበር።

ኒስሪን በሩን ስትከፍት ደነገጠች። "አባዬ! ምን ሆንክ?" ሳይደውሉ መጥተው አያውቁም። ቤቱ ውስጥ ካርቶን ተከምሯል፤ እጇ ላይ የማሸጊያ ፕላስተር ይዛለች። ልጆቹ ዋና ሄደዋል። "ግባ፣ ተቀመጥ። ሻይ ላፍላልህ?"

"አይ፣ ጠጥቼ ነው የመጣሁት።"

"እሺ" ብላ ማንቆርቆሪያውን መልሳ አስቀመጠችው። የጋሼ ሙሔ ጉሮሮ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አላየም። ተቀምጠው ሳለ በራሳቸው ቆሽታቸው አረረ።

"ፈረማችሁ?"

"አዎ፣ ጠዋት ሳይን አደረግን። ባለ ሦስቱን።" ፊታቸውን አየችው። "አባዬ፣ አመመህ እንዴ? ፌስታሉ ውስጥ ምንድነው?"

ፎጣውን ፈቱት። ኒስሪን ሰማያዊውን አበባ ስታይ "የእማዬ ሳህን" አለችና ጠርዙን በጣቷ ነካችው።

"ትምህርት ቤት ልናገርበት ይዤው ሄጄ ነበር" አሉ። "ሳልናገር ቀረሁ። አንቺ ትሰሚኛለሽ?"

ኒስሪን ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ሙሔ ፎቶውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። የሸመደዱትን እንግሊዝኛ ረስተውት በአማርኛ ነገሯት፤ ስለ መኪናው፣ ስለ ሬዲዮው፣ ልጆቹ ከተማ ስለ መግባታቸው፣ ሳህኑን ስለሚከበው ቤተሰብ። "እዪው እንግዲህ፣ ይሄ ሰውዬ ሳህን የለውም" አሉ። "ብቻውን ስለሆነ አላስፈለገውም።"

"ልጆች የሉትም?"

"አሉት። ከተማ ናቸው፤ ጥሩ ሥራ፣ ጥሩ ቤት አላቸው።" ይህን ሔለን አልነገረቻቸውም፤ ከፍሪጁ ፊት ቆመው እሳቸው የጨመሩት ነው።

"ታዲያ እኛ ጋ ና አላሉትም?"

"ብለውታል። አንድ ጊዜ ብለውታል። እሱ ደግሞ አይ አላቸው።" ጋሼ ሙሔ የሳህኑን ጠርዝ ያዙ። "ደግመው ይጠይቁኛል ብሎ ነው አይ ያለው። ሲጠብቅ ነው ፎቶውን ያነሱት።"

ኒስሪን ፎቶውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"አልጋ ገዝቼልህ ነበር" አለች። "ያን ጊዜ። ክፍሉን ቀለም ቀብቼ፣ አልጋ ገዝቼ ነው የጠየቅኩህ። አይ ስትለኝ ኢንተርኔት ላይ ፖስት አድርጌ ሸጥኩት። ሰውዬው ጭኖ ሲወስደው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እማዬ ስለሌለች እኔን አይፈልገኝም ብዬ ነው የማስበው እስከ ዛሬ። ትናንት ራሱ የጠየቅኩህ እመጣለሁ ትለኝ ይሆናል ብዬ ነበር። አንተ 'ምን ጎደለኝ' አልከኝ።"

"ሁሉም ነገር ነው የጎደለኝ" አሉ ጋሼ ሙሔ።

"ታዲያ እንደሱ አይባልም?"

"አይባልም ነበር።"

ኒስሪን ተነሳች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ተቆጥታለችም። "ስማኝ፣ አባዬ። ክፍል የለም። ሳሎኑ ጥግ ትንሽዬ ስተዲ አለች፣ ማንበቢያ ቦታ ነገር፤ በር እንኳ የላትም፣ መጋረጃ ነው የሚደረግላት። ልጆቹ ይጮኻሉ። እኔ ደግሞ መለመን አልችልበትም፤ አፈር ስሆን ምናምን ማለት አላውቅም። አንድ ጊዜ ነው የምጠይቅህ። አይ ካልከኝ አይ ነው ብዬ እወስደዋለሁ። ከእኛ ጋር ትኖራለህ?"

የለመደው አፋቸው ወዲያው ተከፈተ። አላስቸግራችሁም የሚለው አለ፤ ልጆቹ ይጠባቸዋል፣ ሳላሀዲን ምን ይላል የሚለውም አለ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ያገለገሉ፣ የተወለወሉ ቃላት ናቸው። ኒስሪን እጆቿን አጣጥፋ አንዱን እየጠበቀች ነው።

"እሺ" አሉ ጋሼ ሙሔ።

ፊታቸው እንደ ሌባ ጋለ። ምግብ ሳይቀርብ እጁን የሰደደ ሰው ሆኑ። ኒስሪን የቀረውን ጠበቀች፤ የቀረ ነገር አልነበረም።

"እሺ ነው ያልከኝ?"

"እሺ ነው ያልኩሽ።"

ዞር አለችና የታሸገውን ካርቶን ፕላስተር ቀደደችው። በጋዜጣ ከተጠቀለሉት ብርጭቆዎች አንዱን አውጥታ አጠበችው፣ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ጀርባዋን ሰጥታቸው ስለቆመች ፊቷ አይታይም። ውሃው ሲፈላ ሻዩን ቀዳችና፣ ትጠጣለህ ወይ ሳትል፣ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችላቸው። ስኳሩን ረስታዋለች። ጋሼ ሙሔ በሁለት እጃቸው አንስተው ጠጡት።